በጣና ዳር ማደር፦ የእንግዳ ማረፊያ ታሪክ በባሕር ዳርና በአካባቢዋ

ልጆቹን ይዞ የጣናን ሐይቅና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማሳየት ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት የሚመክርበት ዋና ጉዳይ የት እንደሚያድር ነው፤ ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያሳየውን ውድ ክፍል ይምረጥ፣ መናኸሪያው አካባቢ ረከስ ያለ አልጋ ይያዝ ወይስ ዘመድ ቤት ይረፍ እያለ ያወጣል ያወርዳል። ይህ ምርጫ ግን በአካባቢው ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር ነው። በጣና ዳር ለብዙ መቶ ዓመታት የእንግዳውን ማደሪያ የሚወስነው የኪሱ አቅም ሳይሆን በማን ስም እንደ መጣ ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም የመጣው አንድ ዓይነት በር፣ በንጉሥ ስም የመጣው ሌላ ዓይነት በር ይከፈትለት ነበር፤ በገንዘቡ ብቻ የሚያድር እንግዳ የመጣው ከሁሉም ኋላ ነው።

ከሁሉ የቀደመው የእግዜር እንግዳ ነው። በጎጃምም በበጌምድርም መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፣ እግሩን ያሳጥበዋል፣ ያለውን ያቀርብለታል፣ መደቡንም ይለቅለታል። በሐይቁ ደሴቶችና በዘጌ ልሳነ ምድር ደግሞ ይህ ልማድ በገዳማት ሥርዓት ውስጥ ገብቶ የራሱ ሹመት እስከ ማግኘት ደርሷል፤ እንግዳ ተቀባይ የሚባለው መነኩሴ ተሳላሚውን ወደ እንግዳ ቤት ያገባል፣ ገዳሙም ከመቁነኑ፣ ማለትም በየዕለቱ ለማኅበረ መነኮሳቱ ከሚታደለው የምግብ ድርሻ፣ ለእንግዳው ያካፍላል። ዓመታዊው ክብረ በዓል ሲደርስ ግን እንግዳ ቤቱ ስለማይበቃ ምእመናን ጋቢያቸውን ተከናንበው በዛፍ ጥላና በዳስ ያድራሉ፤ ሕፃናትም ማሕሌቱን እየሰሙ በእናቶቻቸው ጉያ ይተኛሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ማደሪያ ለቤተሰብ እኩል የተከፈተ አልነበረም። የደሴት ገዳማት የሆኑት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ዐፅማቸው በውስጡ የሚገኝ ነገሥታት ስላሉበት ለታሪክ ፈላጊ ሁሉ ቀዳሚ መድረሻ ቢሆንም እናቶችና ሴቶች ልጆች ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ውስጥ አይዘልቁም። በዚህም ምክንያት ወደ ክብራን የሚሄድ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ለሁለት ይከፈላል፤ ጀልባው አባትንና ወንዶች ልጆችን ክብራን ላይ ያወርዳል፣ እናትና ሴቶች ልጆችን ደግሞ ከጎኑ ወዳለው ወደ እንጦስ ኢየሱስ ያሻግራል። የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሁሉም ክፍት በመሆናቸው፣ ለባሕር ዳርም ቅርብ ስለሆኑ፣ ቤተሰብ ሳይለያይ የሚጎበኛቸው እነርሱ ሆኑ። የዘጌ ጎብኚ መብዛት በቅርበቱ ብቻ የሚገለጽ ሳይሆን ሴቶችን የሚከለክለው የደሴቶቹ ሥርዓትም ድርሻ ያለው ይመስላል።

የንጉሥ እንግዳ ሥርዓት ከእግዜር እንግዳው የተለየ ነበር። ድርጎ የሚባለው ንጉሡ ወይም አገረ ገዥው ላከበረው መንገደኛ በየማደሪያው የአካባቢው ገበሬ እንዲያቀርብ የሚታዘዘው እንጀራ፣ ማር፣ ጠላና በግ ሲሆን፣ የውጭ አገር ተጓዦች በመጻሕፍታቸው የአገሩ ደግነት አድርገው ያወደሱት ብዙው ነገር በእርግጥ ገበሬው ሳይወድ የከፈለው ዕዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ጢስ ዓባይንና የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ሹመት ያገኘና የግሽ መንደር ራሷ የተሰጠችው ሰው ስለነበር፣ የት ልደር ብሎ የሚጨነቅ መንገደኛ አልነበረም። በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶቹን ሲያጠና የራሱን ጓዝ ይዞ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ በዚያን ጊዜ በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረው ሰፈር ለመንገደኛ የሚከራይ ክፍል የሚታሰብበት ከተማ ገና አልሆነም ነበር።

ባሕር ዳርን ወደ ከተማነት የገፋት የጣሊያን ወረራ ቢሆንም፣ እንግዳ የሚበዛባት ያደረጋት ከዚያ በኋላ የመጣው ግንባታ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የቆመው የፖሊቴክኒክ ተቋም በ1963 ሥራ ጀመሩ፤ በማክስ ጉተር የተመራ የጀርመን ባለሙያዎች ቡድንም የዛሬውን ሰፋፊ ጎዳና የወለደውን ማስተር ፕላን ነደፈ። በዚያው ዘመን በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የተመራው የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር አገሪቱን ሲያስተዋውቅ ባሕር ዳርን ከጎንደር፣ ከላሊበላና ከአክሱም ጋር በታሪካዊው የጉዞ መሥመር ውስጥ አስገባት። ከጎንደሩ ጎሃ፣ ከላሊበላው ሮሃና ከአክሱሙ የሓ ጋር የሚጠራው ጣና ሆቴል፣ እንዲሁም በመሃል ከተማ ከሐይቁ ጋር የሚዋሰነው ጊዮን፣ የዚህ መሥመር ማደሪያዎች ነበሩ። የውኃው ዳርቻ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረ ሁሉ አሁን ደግሞ ለመንግሥት ሆቴል ሆነ፤ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የቆመው የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥትም ዓባይን ከላይ ሆኖ የማየት ዕድሉን ለራሱ ያዘ።

ታዲያ ተራው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የት ያድር ነበር? ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ አውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ያድር በነበረበት ጊዜ፣ መንገደኛው የሚያገኘው አልጋ በቡና ቤት ጓሮ በተደረደሩ ክፍሎች ውስጥ ነበር፤ ከፊት መጠጥና ሙዚቃ፣ ከኋላ በአንድ ግቢ ዙሪያ የተሰለፉ ጠባብ ክፍሎች፣ በግቢው ዳር ደግሞ የጋራ መጸዳጃ። ይህ ለሾፌርና ለነጋዴ የተሠራ እንጂ ልጅ ይዘው የሚያድሩበት አልነበረም። ስለዚህ ባሕር ዳር ሲደረስ ቤተሰቡ የሚያመራው ወደ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ ወደ አስተማሪው ወይም ወደ ነርሷ ቤት ነበር፤ ዘመድ እያለ አልጋ መከራየት እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና ፍራሽ ሳሎን ላይ ይነጠፋል፣ ልጆች በአግድም ይደረደራሉ፣ አስተናጋጇ እማወራም በዓመት ፈቃዷ ፈንታ ወጥ ስትሠራ ትሰነብታለች። በየሆቴሉ የአልጋ ቁጥር የሚለካው የቱሪዝም ታሪክ ይህን የሴቶች ድካም ከሂሳብ አውጥቶታል፤ የባሕር ዳር ትልቁ የእንግዳ ማረፊያ ግን ይኸው የዘመድ ቤት ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው ከተማዋ በ1990ዎቹ የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ከሆነች በኋላ ነው። የግል ሆቴሎች፣ ፔንሲዮኖችና እንደ ኩሪፍቱ ያሉ ሪዞርቶች ተከፈቱ፤ በ2012 የተጀመረው፣ የጣና ፎረም የተባለው ጉባኤም መሪዎችን የሚያሳድር ደረጃ እንዲገነባ ገፋፋ። ሆኖም ብዙዎቹ አልጋዎች የታሰቡት ለቤተሰብ ሳይሆን ለሠልጣኝና ለተሰብሳቢ ነው፤ በአበል የሚያድር ሰው አንድ ክፍል ለብቻው ይይዛል፣ አምስት ሆኖ የመጣ ቤተሰብ ግን ተጨማሪ ፍራሽ ይለምናል ወይም ሁለት ክፍል ይከፍላል። ቢሾፍቱ ላይ ያው ኩሪፍቱ የውኃ መዝናኛ ፓርክ ከማደሪያው ጋር አጣምሮ ልጆችን በአንድ ግቢ ሲያውል፣ በባሕር ዳር የሚታየው ነገር ሁሉ ከሆቴሉ ውጭ ነው፤ ገዳማቱ በጀልባ፣ ፏፏቴው ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውኃውን ከወሰደ በኋላ ፏፏቴው በበጋ ስለሚሳሳ፣ ሁለት ሌሊት ሊያድር ያሰበ ቤተሰብ አንዱን የሚሰርዝበት ጊዜ አለ።

በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራ ታሪኳ ሌላ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣው የሕዝብ ጀልባ ቁንዝላ ላይ አድሮ በማግሥቱ ይደርስባት ስለነበር፣ ተሳፋሪው በጉዞው መሃል ሌላ ማደሪያ መፈለግ ነበረበት፤ ለመዝናናት ብሎ የሚደክምላትም ጥቂት ሰው ነበር። በ2020 በተጀመረው የገበታ ለሀገር የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ከተመረጡት ሦስት ሥፍራዎች አንዷ በመሆኗ ትልቅ ሪዞርት ተሠራባት። ነገር ግን በዚያው ዓመት የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 አጋማሽ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት ጎብኚውን ከሐይቁ ዙሪያ አርቀውታል፤ ለሚመጣው ጥቂት ቤተሰብም የመንገዱ ደኅንነት ከክፍሉ ዋጋ ቀድሞ የሚጠየቅ ነገር ሆኗል።