ከገዳም የወጣው ግጥምና የአቶም ሐሳብ

ጣሊያናዊው ፖጆ ብራቾሊኒ የሊቀ ጳጳሱ ጸሐፊ ነበር። ጌታው ዮሐንስ 23ኛ በ1415 (እ.ኤ.አ.) ከመንበራቸው ሲሻሩ ሥራ ፈታና በጀርመን ምድር ገዳማት የተረሱ የላቲን ብራናዎችን ያስስ ጀመር። በ1417 ከአንዱ ገዳም የሮማዊውን ባለቅኔ የሉክሬቲየስን «ስለ ነገሮች ተፈጥሮ» አገኘ። ስድስት መጻሕፍት ያሉት፣ ከሰባት ሺህ ስንኝ በላይ የሆነ ግጥም ነው። አስገልብጦ ወደ ፍሎረንስ ላከው።

ሉክሬቲየስ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ነው። የግሪካዊውን ፈላስፋ የኤፒኩረስን ትምህርት ተከትሎ፣ ዓለም በባዶ ቦታ ከሚንቀሳቀሱ፣ ከማይከፈሉ ደቃቅ ቅንጣቶች (አቶሞች) ተሠርታለች ይላል። የማይታየውን ለማሳመን ምስክር የሚጠራው ከዕለት ኑሮ ነው። ባሕር ዳር የተሰጣ ልብስ ይርሳል፣ ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ ይደርቃል፤ እርጥበቱ ሲገባም ሲወጣም ያየው ግን የለም። የጣት ቀለበት በዓመታት ብዛት ይሳሳል። ጨለማ ቤት በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚራወጠውን ብናኝም የማይታዩ ቅንጣቶች ይገፉታል ብሎ ጻፈ።

ነፍስ ከሥጋ ጋር ትሞታለች ማለቱ ግን ቤተ ክርስቲያንን አስቆጣ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፍሎረንስ ቤተ ክህነት ግጥሙ በትምህርት ቤት እንዳይነበብ ከለከለ። ሐሳቡን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያስታረቀው ራሱ ካህን ነበር። ፈረንሳዊው ቄስ ፒየር ጋሳንዲ በ1649 ባሳተመው ሥራው፣ ቅንጣቶቹን የፈጠራቸውም ያንቀሳቀሳቸውም እግዚአብሔር ነው አለ፤ ነፍስንም ከመሞት አዳናት።

በዚህ መልኩ የጸዳው ሐሳብ በእንግሊዝ እነ ሮበርት ቦይል እጅ ገባ። ቦይል የቁስን ባሕርይ በደቃቅ ቅንጣቶች ቅርጽና እንቅስቃሴ አስረዳ፤ በሙከራም ሊደግፈው ጣረ። የኒውተን «ፕሪንሲፒያ» በ1687 ሲታተም ኤድመንድ ሃሌይ በሉክሬቲየስ ስልት የገጠመው የላቲን ውዳሴ በመግቢያው ሰፈረ። ኒውተንም ለአዲስ እትም ባዘጋጀው ረቂቅ ማስታወሻ ሉክሬቲየስን ጠቅሷል።

ባለቅኔው የፀሐይ መጠን ለዓይን ከሚታየው ብዙም አይበልጥም ብሎ ተሳስቷል። የ17ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት ስለ አቶም ከእሱ የወረሱትም ሐሳብ ገና ግምት ነበር፤ ማረጋገጫው የተገኘው አንስታይን በ1905 በፈሳሽ ውስጥ የሚራወጥ ብናኝን በአቶሞች ግፊት የሚያስረዳ ስሌት፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ፈረንሳዊው ዣን ፔራን ይህን የሚፈትን ሙከራ ሲያቀርቡ ነው።