ከ12 በሽተኞች ሁለቱ፦ የጄምስ ሊንድ ሙከራና የዕድል ስሌት

እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1747 “ሳልዝበሪ” በተባለችው የብሪታንያ የጦር መርከብ ላይ ያገለግል የነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጄምስ ሊንድ፣ በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን በአንድ ሥፍራ አስተኝቶና አንድ ዓይነት ምግብ እየመገበ፣ ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ሕክምናዎች ከፈላቸው። ሁለቱ የአፕል ጠጅ፣ ሁለቱ በውሃ የቀጠነ የሰልፈሪክ አሲድ ቅመም፣ ሁለቱ ኮምጣጤ፣ ሁለቱ የባሕር ውሃ፣ ሁለቱ በነጭ ሽንኩርትና በሰናፍጭ የተለወሰ መድኃኒት ተሰጣቸው። የቀሩት ሁለቱ በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ይበሉ ጀመር። ፍራፍሬው በስድስት ቀን አለቀ፤ ሆኖም በዚያው ጊዜ አንደኛው ለሥራ ብቁ ሆነ፣ ሁለተኛውም ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ በማገገሙ የቀሩት በሽተኞች አስታማሚ ሆኖ ተመደበ።

ፍራፍሬው ምንም የማይፈይድ ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት በአጋጣሚ ሊገኝ ይችል ነበርን? ሊንድ ይህን አላሰላም፤ ዛሬ ግን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የዛፍ ንድፍ በመሣል ማስላት ይቻላል። ይበልጥ ያገገመው የመጀመሪያው ሰው ከፍራፍሬ በሊታዎቹ አንዱ የመሆን ዕድሉ 2/12 ነው። በዚህ ቅርንጫፍ ላይ ለሁለተኛው ሰው የሚቀሩት 11 በሽተኞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ፍራፍሬ የበላው አንድ ብቻ ስለሆነ ዕድሉ 1/11 ይሆናል። የሁለቱ ብዜት 1/66 ነው። የወጣው እንደሚመለስ ተቆጥሮ ሁለተኛውም 2/12 ቢባል ግን 1/36 ይመጣል፤ ይኸውም ከትክክለኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እንዲህ ያለው ልዩነት ሊቃውንትንም አከራክሯል። ክርስቲያን ሁይገንስ በ1657 ባሳተመው ጽሑፍ 4 ነጭና 8 ጥቁር፣ በድምሩ 12 ጠጠሮች ስለሚወጡበት ጨዋታ ሲጠይቅ የወጣው ጠጠር ይመለስ አይመለስ አልገለጸም፤ በ1665 ከዮሐንስ ሁዴ ጋር በደብዳቤ ሲነጋገሩ መልሳቸው ያልተስማማው በዚሁ ምክንያት ነበር።

የሊንድን ውጤት ለሚመዝን ሐኪም ግን የበለጠ አሳሳቢው ጥያቄ ሌላ ነው። 1/66 ወይም 0.015 የሚሠራው፣ የሚፈተነው ሕክምና ፍራፍሬው መሆኑ ሙከራው ሳይጀመር ከተወሰነ ብቻ ነው። ሊንድ ግን ስድስት ሕክምናዎችን አወዳደረ። ኮምጣጤ የጠጡት ሁለቱ ቀድመው ቢድኑ ኖሮ ዛሬ የሚወደሰው ኮምጣጤው በሆነ ነበር! ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ከየትኛውም ጥንድ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያው ቅርንጫፍ 12/12 ይሆናል፤ ሁለተኛው የእርሱ ጥንድ የመሆን ዕድል 1/11 ነው፤ ይህም 0.09 መሆኑ ነው። ዛፉ ያው ሆኖ፣ ጥያቄው ከውጤቱ በፊት ወይም በኋላ በመነሣቱ ብቻ መልሱ ከተለመደው የ0.05 ወሰን ወዲህና ወዲያ ይወድቃል።

ከዚህም በላይ ቅርንጫፎቹ እኩል አልነበሩም። ሊንድ በሽተኞቹን በተቻለ መጠን ተመሳሳይ አድርጎ እንደመረጠ ቢጽፍም፣ የጉልበታቸው ጅማት የደረቀባቸውንና በጽኑ የታመሙትን ሁለቱን ለባሕር ውሃው እንደመደባቸው ራሱ ገልጿል። እነርሱ ቀድመው የመዳን እኩል ዕድል ስላልነበራቸው ከዛፉ ቢወጡ፣ በ10 ሰዎች ስሌቱ 2/10 በ1/9፣ ማለትም 1/45 ይሆናል። ሮናልድ ፊሸር በ1935 ባሳተመው የሙከራ አነዳደፍ መጽሐፍ ምደባው በዕጣ እንዲሆን አጥብቆ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው፤ በስሙ የሚጠራውና አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ሠንጠረዦች የሚያገለግለው ፈተናም የወጣውን ሳይመልሱ የማውጣት ስሌት ነው።

ሊንድ ሙከራውን በ1753 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ በጥቂት አንቀጾች ብቻ አለፈው። ለረጅም ጉዞ እንዲቆይ ብሎ ያቀረበውም ጭማቂውን በእሳት ማወፈር ነበር፤ ይህ ደግሞ ቫይታሚን ሲን ያጠፋል። የብሪታንያ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ እንዲታደል ያዘዘው በ1795፣ ሊንድ በሞተ በዓመቱ ነበር።