ዜና አራቱ ኃይላት

በዘመነ ሉቃስ፣ በ1823 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ተቀምጠው ሸዋን ሲገዙ፣ በነሐሴ ወር በለንደን ከተማ ማይክል ፋራዴይ የሚባል የቀጥቃጭ ልጅ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ለየብቻ ጠመጠመ። (በእኛ አገር በዚያ ዘመን ቀጥቃጭ በቡዳነት ይታማ ነበርና እንዲህ ያለ ሰው ከሊቃውንት ጉባኤ ባልተቆጠረ።) አንደኛውን ሽቦ ከባትሪ ጋር ባገናኘ ጊዜ በሁለተኛው አጠገብ የነበረችው የመግነጢስ መርፌ ተወዛውዛ ረጋች፤ በለያየም ጊዜ ደግማ ተወዛወዘች። መግነጢስ ኤሌክትሪክን እንደሚወልድ በዚህ ታወቀ።

በዘመነ ማቴዎስ፣ በ1857 ዓ.ም. በኅዳር ማለቂያ፣ የስኮትላንዱ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የኤሌክትሪክንና የመግነጢስን ሕግ ባንድ ያሰረ ጽሑፍ በሮያል ሶሳይቲ ጉባኤ ፊት አስነበበ። ሞገዳቸው በሰከንድ 310,740 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ከቀደምት ልኬቶች ተነሥቶ አስልቶ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፊዞ የለካው የብርሃን ፍጥነት ደግሞ 314,858 ነው። ቁጥሮቹ ተቀራረቡ፤ ማክስዌልም ብርሃን ራሱ የእነዚህ የሁለቱ ሞገድ ነው ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት በሰኔ ማለቂያ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ መጡ፤ አቶ በዛብህንም ድል አድርገው ያባታቸውን አልጋ ያዙ። ጸሐፊዎቻችን የምኒልክን ጻፉ፤ የማክስዌልን የሚነግራቸው አልነበረም። ዛሬ በአንኮበር አጠገብ ባለችው ጎረቤላ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ሰው ከሰው በማይተያይበት ሰዓት ስልኩ ግን ይሠራል፤ ዓይን የሚያየው ብርሃንና የስልኩ ሞገድ ዘራቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት በሞገዳቸው ርዝመት ብቻ።

በዘመነ ዮሐንስ፣ በኅዳር 1908 ዓ.ም. አልበርት አይንስታይን በበርሊን ስበት የቦታና የጊዜ መጉበጥ መሆኑን አስረዳ። ዓመት ሳይሞላ በእኛ አገር ራስ ልዑል ሰገድ በቶራ መስክ ወደቁ፣ የሰገሌም ጦርነት ሆነ። አይንስታይን ከዚያ ወዲያ ስበትን ከኤሌክትሪክና ከመግነጢስ ጋር አስታርቃለሁ ብሎ ሠላሳ ዓመት ያህል ደከመ፤ በሚያዝያ 1947 ዓ.ም. በፕሪንስተን ሲሞት እንኳ የስሌት ወረቀቱን ወደ ሆስፒታል አስመጥቶ ነበር። በአቶም ውስጥ የሚሠሩትን ሁለቱን ኃይላት፣ ብርቱውንና ደካማውን፣ ከሒሳቡ ያለማግባቱ እንደ እልኸኝነት ይታየኛል።

እንደገና በዘመነ ማቴዎስ፣ በ1957 ዓ.ም. መባቻ፣ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም በጣልያን አገር በትሪየስት የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ከፈተ። ድሃ አገር የወለዳቸው ሊቃውንት ከዓለም ጓደኞቻቸው እንዳይለዩ ያቆመው ቤት ነው፤ ከኢትዮጵያም የፊዚክስ ሰዎች ተምረውበታል። ይኸው ሰላም፣ አሜሪካውያኑም ግላሾውና ዋይንበርግ ደካማውን ኃይል ከኤሌክትሮመግነጢስ ጋር አንድ አደረጉ፤ በ1972 ዓ.ም. ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ብርቱውንም የሚጨምር ሕግ ተነደፈ። ፕሮቶን ውሎ አድሮ ይፈርሳል የሚል ነውና ጃፓኖች በካሚዮካ ከተራራ ሥር በ50,000 ቶን ንጹሕ ውኃ ሲጠባበቁት ኖሩ፤ አንድም ሲፈርስ አልታየም። ዕድሜው ቢያንስ ከ1 በኋላ 34 ዜሮ ከሚጻፍለት ዓመት ይበልጣል ተባለ። የአውታር ንድፈ ሐሳብም አራቱን ሁሉ አስገብራለሁ ብሎ ተነሥቷል፤ በሙከራ የተመሰከረለት ግን የለም።

ስበት እስከ ዛሬ አልገበረም። የአይንስታይንን ሕግ ወደ ጥቁር ጉድጓድ እምብርት ይዘው የገቡ ሁሉ የሚያገኙት መልስ ወሰን የሌለው ቁጥር ነው።