በወንበርና በመሪ መካከል

አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ኤንትሬ» ነድቷል። ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 የሚባለው የጣሊያን ከባድ የጭነት መኪና ነው፤ ዕድሜው ጠና ያለ አንባቢ ከነተሳቢው ያስታውሰዋል። አባቴ ሲነዳ ደረቱን መሪው ላይ ሊለጥፍ ምንም አይቀረው። ክርኖቹ ወደ ውጭ ታጥፈው፣ ትከሻው ጎብጦ፣ አንገቱ ወደ መስታወቱ ሰገግ ብሎ ነበር። ለእኔም መንዳት ሲያስተምረኝ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ወንበርህን ወደ መሪው ሳብ» የሚል ነበር። ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ የሚነዳ ሰው ያየ እንደሆነ «ይኼ ሊነዳ ነው ወይስ ሊተኛ?» ይላል።

ባለፈው መስከረም ቱሪን ከተማን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ፣ በሰው መኪና ውስጥ፣ ጉልበቴ ከመሪው ጋር እየተላተመ የአባቴ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። መኪናይቱ በ1967 የተሠራች አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ናት (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ቀለሟ ቀይ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ሁለት፣ ጭራዋ ክብ። ጣሊያኖች ክብነቷን አይተው «የኩትልፊሽ አጥንት» ብለው ሰይመዋታል። ብዙው ዓለም የሚያውቃት ግን በ1967 ደስቲን ሆፍማን «ዘ ግራጁዌት» በተባለው ፊልም ስለነዳት ነው።

እኔ ደግሞ የማውቃት ከፊልሙ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አባቴ መኪናውን ያሠራበት በነበረው ጋራዥ አንዲት እንደዚህች ያለች ስፓይደር ቆማ ነበር። ባለጋራዡ አንድ ቀን «ና ግባና ሞክራት» ብሎት አባቴ ገባ፤ ማለቴ ሊገባ ሞከረ። እግሩ ረጅም ነበር። ወጥቶ ሱሪውን እያራገፈ «ቁጥሩ ያነሰ ጫማ ናት» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ጋራዡ በሄድን ቁጥር ሳያያት አይመለስም ነበር።

እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሚላኖ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ጥቂት ገንዘብ ተሰጠኝ። ባለቤቴ ገንዘቡ አዲስ አበባ ለጀመርነው ቤት ጣሪያ ይሁን አለች። እኔ ስለ መኪናይቱ አነሣሁ። ብዙ ተነጋገርንበት፤ ከአምስት ዓመት በፊት የወገቤ ዲስክ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኛልና ነገሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ «አንድ ሰዓት ነድተህ ቀጥ ብለህ ከወረድክ ግዛት፤ ጎብጠህ ከወረድክ ግን ጣሪያውን እናለብሳለን» ብላ ፈረደች። ለምስክርነትም የእህቴን ልጅ፣ መካኒክ የሆነውን፣ አብሮኝ ላከችው።

ሻጩ የሰማንያ ዓመት አዛውንት፣ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ ናቸው። ቁልፉን ሰጥተውኝ ከግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ። ገባሁ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ጥርስ ወደ ኋላ ገፋሁት። እግሬ በመጠኑ ተመቸው፤ እጄ ግን መሪው ላይ ለመድረስ ትከሻዬ ከመደገፊያው ተነሣ። ወደ ፊት ሳብኩት። አሁን እጄ ተመቸው፤ ጉልበቴ ከመሪው ግራና ቀኝ እንደ ፌንጣ ጉልበት ቆመ። መደገፊያውን ቀጥ ሳደርገው ደግሞ ዓይኔ የፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ዐረፈ፤ ከላይ ላይ ሰማይ፣ ከታች መንገድ፣ መካከሉ ብረት።

«ጋሼ፣ መውረድ ይሻልዎታል?» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

የዚያን ዘመን የጣሊያን መኪና የነዳ ሁሉ ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል። እንግሊዞች «ረጅም እጅና አጭር እግር ላለው ጦጣ የተሠራ» እያሉ ያፌዙበታል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ጣሊያኖች አጭር ስለሆኑ ነው» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን የጣሊያን ወንድ አማካይ ቁመት ከ1 ሜትር ከ70 በታች ነበር። ሆኖም ይህ ምክንያት ለእኔ አይዋጥልኝም። አጭር ሰው እግሩ ብቻ ሳይሆን እጁም አጭር ነው። ለአጭር ሰው የተሠራ መኪና ቢሆን ኖሮ መሪውም በቀረበ ነበር። መሪው መራቁን ለማስረዳት ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

አንዱ ነገር ከወለሉ ላይ አለ። ዛሬ በብዛት የምናውቃቸው ፔዳሎች ከላይ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ናቸው። የዚህች ስፓይደር ፔዳሎች ግን ከወለሉ ወደ ላይ የበቀሉ ናቸው፤ መታጠፊያቸው ከታች ነው፣ እንደ ኦርጋን መርገጫ። ስለዚህ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እግርን ከፍ አድርጎ ከላይ ወደ ታች መጫን ይፈልጋል፤ እግር ከፍ ሲል ጭን መሪውን ይነካል። ጉልበትን የሚያስቸግረው ይኸው ነው። የእጁ ነገር ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የተጀመረው ከዚያችው ከቱሪን ከተማ፣ ከአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

ጆቫኒ ፋሪና በ1906 ቱሪን ውስጥ የመኪና አካል የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደ፤ ስሙ ጁዜፔ፣ የቁልምጫ ስሙ ኒኖ። የጆቫኒ ታናሽ ወንድም ባቲስታ ደግሞ ትንሽ ስለነበር በፒየሞንት ቋንቋ «ፒኒን» ይሉት ነበር። ፒኒን ከወንድሙ ዘንድ ሙያውን ተምሮ በ1930 የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ በ1961 ቅጽል ስሙና የአባቱ ስም በሕግ ተጣምረው «ፒኒንፋሪና» ሆኑ። አጎትየው የመኪናን መልክ አወጣ፤ የወንድም ልጅየው መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ ለዓለም አሳየ።

ኒኖ ፋሪና ከእሱ በፊት እንደነበሩት እሽቅድምድመኞች አልነበረም። የዶክተርነት ማዕረግ የነበረው፣ ኩራተኛ ሰው ነበር። በፊቱ የነበሩት፣ ለምሳሌ ታላቁ ታዚዮ ኑቮላሪ፣ የሚነዱት እንደ አባቴ ነበር፤ ደረታቸውን ወደ መሪው አስጠግተው፣ ክርናቸውን አጥፈው፣ ከመኪናው ጋር እየታገሉ። ምክንያትም ነበራቸው። መሪው ከባድ ነው፤ ጎማው ከጉድጓድ ሲገባ መሪው ይመታል፤ ትከሻ ካልገባበት አይታዘዝም። የአባቴ ኤንትሬም እንዲሁ ነበር። ፋሪና ግን ወደ ኋላ ተደግፎ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ በጣቶቹ እንደ ዋዛ ይዞ ይነዳ ነበር። ከሩቅ ያየው ሰው እየተንሸራሸረ ያለ ነው የሚመስለው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1950 እንግሊዝ ውስጥ ሲልቨርስቶን ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ግራንድ ፕሪ ተካሄደ። ያሸነፈው ፋሪና ነበር፣ በአልፋ ሮሜዮ 158። በዚያው ዓመት መስከረም ሞንዛ ላይ ፋንጂዮ መኪናው ተበላሽቶበት ሲወጣ ፋሪና በ30 ነጥብ ለ27 ቀድሞት የመጀመሪያው የፎርሙላ አንድ ሻምፒዮን ሆነ። ዕድሜው አርባ ሦስት ነበር። ወጣቱ እንግሊዛዊ ስተርሊንግ ሞስ አቀማመጡን አይቶ ቀዳ፤ ከሞስ ሌሎች ቀዱ። በዓመታት ውስጥ ክርኑን አጥፎ የሚነዳ ሰው እንደ ጭነት ሾፌር መቆጠር ጀመረ። አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?

ፋሪናን ሳነሣ ግን አንድ ነገር ማለፍ አልፈልግም። የአቀማመጡ እርጋታ አታላይ ነበር። ሰውየው በጭካኔ የሚነዳ፣ ደጋግሞ የተጋጨ ነው። በ1936 ዶቪል ላይ ከእሱ ጋር የተጋጨው ማርሴል ለሁ ሞቷል። በ1954 እጁ ተሰበረ፤ በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ ክፉኛ ተቃጠለ፤ በ1955 መጀመሪያ አርጀንቲና ላይ በማስታገሻ መርፌ ነው የተወዳደረው። ያ ለጠጥ ያለ ሰውነት ሥቃይ ያልነካው ሰውነት አልነበረም። ወገቤን በእጄ እየደገፍኩ ስለ እሱ ሳነብ ይህ ነገር ቀረብ አደረገኝ ብል አልዋሸሁም።

እንግዲህ ስፓይደሯ ስትሠራ የእሽቅድምድሙ ፋሽን ወደ ጎዳናው ወርዶ ነበር። የመኪናው ባለቤት የሚገዛው 1570 ሲሲ ሞተር፣ አምስት ማርሽና በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ብቻ አይደለም፤ አቀማመጡንም ነው። ቀይ መብራት ላይ ሲቆም እጁ ተዘርግቶ፣ ትከሻው ተደግፎ እንዲታይ ይፈልጋል። መሪው የራቀው፣ እንደ እኔ እምነት፣ ለእጅ ሳይሆን ለዓይን ነው፤ ያውም ለተመልካች ዓይን። እንዲህ ብዬ ነበር ያመንኩት፣ መኪናይቱን እስካንቀሳቅስ ድረስ።

የእህቴ ልጅ «ወንበሩን መጨረሻ ድረስ ይግፉት፣ መደገፊያውን ሁለት ጥርስ ያስተኙት፤ መሪውን ከላይ ሳይሆን ከታች ይያዙት» አለኝ። እንደዚያ አደረግሁ። ነጠላዬን አጥፌ ከወገቤ ጎድጓዳ ላይ አኖርኩ (ባለቤቴ ሳላውቀው ቦርሳዬ ውስጥ የከተተችው ነው)። ጉልበቴን ከመሪው በግራ በኩል አወጣሁ። ክንዴን ዘርግቼ አንጓዬ የመሪው አናት ላይ ያርፍ እንደሆነ ሞከርኩ፤ ዛሬ የመንዳት አስተማሪዎች የሚያስተምሩት መለኪያ ይህ ነው። አንጓዬ አልደረሰም፤ ጣቴ ብቻ ደረሰ። ተነሣሁ።

ከሁለት ኩርባ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። በዚህች መኪና የማርሽ ዘንጉ እንደ ሌሎቹ ከወለሉ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ወጥቶ ወደ ነጂው በአግድም ይዘረጋል። ቆማ ሳለች እንግዳ ነገር ይመስላል። ክንዱን የዘረጋ ሰው ግን እጁን ከመሪው ላይ ሲለቅ ዘንጉ ራሱ ነው መዳፉ ውስጥ የሚገባው። ክርኔን ባጥፍ ኖሮ ዘንጉን ፍለጋ ወደ ፊት መንጠራራት ነበረብኝ። መሪውም ቢሆን መኪናይቱ ስትሄድ ይቀላል፤ ትከሻ አይጠይቅም፣ የእጅ አንጓ ይበቃዋል። መኪናይቱ አንድ ቶን አትሞላም፤ የኤንትሬን ትግል ከእሷ ጋር የምታገለው ለምንድን ነው? ለታይታ ነው ብዬ የፈረድኩበት ነገር ግማሹ ሥራ ነበረው። ግማሹን አሁንም ለታይታ ነው እላለሁ።

ፍሬን ስረግጥ ግን እግሬ መነሣቱ አልቀረም። በእያንዳንዱ ኩርባ ጭኔ መሪውን ይነካል፤ እኔ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

መንገድ ዳር ስንቆም ሳላስበው ለእህቴ ልጅ «ፍሪሲዮኑ ወደ ላይ ነው የሚይዘው፣ ካንዴላውንም እየው» አልኩት። በአማርኛ ነው የማወራው፤ መንገደኛ ጣሊያን ቢሰማን ሁሉንም በተረዳ ነበር። መኪና ራሱ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፤ ሁሉም ከእነሱ የመጣ ነው። ሁለት ቃላት ግን የእኛው ሆነው ቀሩ፦ ወንበርና መሪ። የአባቴም የፋሪናም ክርክር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ይህች መኪና በመጋቢት 1966 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ቀረበች። አጎትየው ፒኒንፋሪና እጁ ካለባቸው የመጨረሻዎቹ ሥራዎች አንዷ ናት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሚያዝያ 3 ቀን ሞተ። ኒኖም ክረምቱን አላየም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን የፈረንሳይን ግራንድ ፕሪ ለማየት በራሱ መኪና ሲጓዝ በሳቮይ ተራሮች መንገድ ስቶ ሞተ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስፓይደሯ ግን መልኳን ብዙ ጊዜ እየቀያየረች እስከ 1993 ተሠራች።

አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነድቼ ከግራሩ ጥላ ፊት ለፊት አቆምኩ። የእህቴ ልጅ ሰዓቱን አይቶ ከመኪናው ወርዶ ፊቴ ቆመ፤ የባለቤቴ ዳኛ ነውና። በሩን ከፈትኩ። ግራ እግሬን አወጣሁ፣ የመስታወቱን ጠርዝ ይዤ ተነሣሁ። መጀመሪያ ጎበጥ አልኩ። ከዚያ ቀና አልኩ። በመካከሉ ስንት ጊዜ እንዳለፈ እኔና የእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

አዛውንቱ ቀርበው ወንበሩን አዩት። የእሳቸው ቦታ አራት ጥርስ ወደ ፊት ነበር። ወደ ቦታው ልመልሰው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው፤ እስከ ቅዳሜ አልነካውም» አሉኝ።