ገቺ ግብረ መልስ፦ ሆርሞን ራሱን በልክ የሚያቆይበት መንገድ

ቃሉ፦ ኔጋቲቭ ፊድባክ
የአማርኛ አቻው፦ ገቺ ግብረ መልስ
ዘርፉ፦ ሥነ ሕይወት፣ ሕክምና
ፍቺው፦ አንድ ሆርሞን በደም ውስጥ ሲበዛ፣ እንዲመረት ያዘዘውን አካል ተመልሶ የሚገታበት፤ ሲያንስ ደግሞ መግታቱ ቀርቶ ትእዛዙ የሚበረታበት የሰውነት ሥርዓት።

የታይሮይድ ምርመራ ያደረገ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀቱን ሲያይ ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። ወረቀቱ ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ከልኩ እንዳለፈ ያሳያል፤ ሐኪሙ ግን «የታይሮይድ ሆርሞንዎ አንሷል» ይላል። ወረቀቱም ሐኪሙም ልክ ናቸው፤ አንዱ የበዛው ሌላው ስላነሰ ነው። ይህን ዝምድና የሚገልጸው ቃል በሕክምና ትምህርት ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይቀራል እንጂ ወደ ታካሚው ጆሮ እምብዛም አይደርስም። ሊደርስ ይገባል፤ መድኃኒቱን የሚውጠውና አዮዲን ያለውን ጨው የሚገዛው እሱ ነውና።

ሆርሞን ከአንድ ዕጢ ወይም ሕዋስ ወጥቶ፣ በደም ተጉዞ፣ ራቅ ላለ የሰውነት ክፍል ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ለንደን ላይ፣ ከትንሹ አንጀት ወጥቶ በደም በኩል ቆሽትን የሚያዝ ንጥረ ነገር አገኙና ሴክሬቲን አሉት። በ1905 ስታርሊንግ የዚህ ዓይነት መልእክተኞችን ሁሉ፣ ማነሣሣት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ወስዶ፣ «ሆርሞን» ብሎ ጠራቸው። ማነሣሣት ብቻውን ግን ሰውነትን አያቆምም። የተነሣው ሥራ በቃ የሚባልበት ልክ ያስፈልገዋል።

እንዴት ይሠራል?

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች፣ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ ባለ ሁለት ክንፍ ዕጢ ነው። ሆርሞኖቹ ሰውነት ጉልበቱን የሚያወጣበትን ፍጥነት፣ የልብ ምትንና ሙቀትን፣ የሕፃናትንም የአንጎል ዕድገት ይመራሉ። ትእዛዙ የሚነሣው ግን ከላይ ነው። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ቲአርኤች የተባለውን ሆርሞን ወደ ፒቱታሪ ይልካል፤ አተር የምታህለው ፒቱታሪ ቲኤስኤችን ወደ ደም ትለቃለች፤ ቲኤስኤች ሲደርሰው ታይሮይድ ቲ4 እና ቲ3 የተባሉትን ሆርሞኖች ያመርታል።

ግብረ መልሱ ከታች ወደ ላይ ይመለሳል። ቲ4 እና ቲ3 በደም ዞረው ፒቱታሪና ሃይፖታላመስ ዘንድ ሲደርሱ፣ ያዘዟቸውን ሕዋሳት መልሰው ይገታሉ። ጣሪያ ላይ ያለ የውኃ ሮቶ ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ኳሱ ወርዶ ይከፈታል። የሮቶውን ልክ የሚጠብቀው እዚያው ያለው ውኃ ነው፤ የደሙንም ልክ የሚጠብቀው እዚያው ያለው ሆርሞን ነው። ፒቱታሪ በዚህ ላይ እጅግ ንቁ ናት፦ ቲ4 በጥቂቱ ሲወርድ ቲኤስኤች በብዙ እጥፍ ይወጣል። ሐኪሞች ከሁሉ አስቀድመው ቲኤስኤችን የሚለኩትም ለዚህ ነው።

ለምን «ገቺ»?

ኔጋቲቭ የሚለውን ቃል «አሉታዊ» ማለት የተለመደ ነው። «አሉታዊ ግብረ መልስ» ሲባል ግን የሚሰማው ሰው መጥፎ አስተያየት ወይም መጥፎ ውጤት ይመስለዋል። እዚህ ጤና የሚጠብቀው ይኸው ግብረ መልስ ስለሆነ፣ ሥራውን በቀጥታ የሚናገረው «ገቺ» ይሻላል።

ተቃራኒው «አጠናካሪ ግብረ መልስ» ነው፤ ምጥ ጥሩ ምሳሌው ነው። የሕፃኑ ራስ የማሕፀንን አፍ ሲገፋ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ ኦክሲቶሲን ማሕፀንን ያኮማትራል፤ መኮማተሩ ሕፃኑን የበለጠ ይገፋል፤ ዙሩ የሚያበቃው ልጁ ሲወለድ ነው። ሰውነት አጠናካሪውን የሚጠቀመው ቶሎ ለሚያልቅ ሥራ ነው። ዕድሜ ልክ ለሚዘልቀው፣ ለደም ስኳር፣ ለካልሲየም፣ ለኮርቲሶል፣ የሚተማመነው በገቺው ነው።

እንቅርት ከየት ይመጣል?

በቲ4 ውስጥ 4 የአዮዲን አቶሞች አሉ፤ በቲ3 ውስጥ 3። አዮዲን ካልመጣ ታይሮይድ የታዘዘውን ማምረት አይችልም። የደጋው አፈራችን አዮዲን በዝናብና በመሸርሸር ታጥቧል፤ በዚያ አፈር የበቀለው እህልና ጎመንም አዮዲን ያንሰዋል። ሆርሞኑ ሲያንስ ፒቱታሪን የሚገታት ይጠፋና ቲኤስኤችን ያለማቋረጥ ትልካለች። ቲኤስኤች ደግሞ ከምርቱ ሌላ የዕጢውን ዕድገትም ያዛል። ዕጢው ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለቅሞ ለመያዝ እየሰፋ ይሄዳል፤ ይህ ለዓመታት ሲቀጥል እንቅርት ይሆናል።

እንቅርት ሁሉ ከአዮዲን እጥረት አይመጣም፤ ሌሎች የታይሮይድ ሕመሞችም ያስከትሉታል። ከእጥረት የመጣው ግን ከአቅሙ በላይ የሚለፋ ዕጢ ምልክት ነው፤ የሚታፈርበት ወይም በሻሽ የሚሸፈን ነገር አይደለም። መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው በሽታውን በየመንደሩ ስናየው ስለኖርን ነው።

ለመከላከል የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይመከራል፤ የአዋቂው የ70 ዓመት ድምር 4 ግራም እንኳ አይሞላም። ያ ጥቂት ሲጎድል የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከአንገት ያልፋል፦ የእናት አዮዲን በብርቱ ሲጎድል የፅንሱ አንጎል ይጎዳል፤ ይህም ጉዳት ልጁ ከተወለደ በኋላ በጨው አይመለስም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ያወጣው ይህን ለማስቀረት ነው። የቀረው የእያንዳንዱ ቤት ሥራ ነው፦ አዮዲን ያለው ጨው መግዛት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቆ ማስቀመጥ፣ አለማጠብ፣ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር።

ቃሉ ለታካሚው ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ውጤቱን ይረዳበታል። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ቲ4 ካነሰ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ታይሮይዱ ዘንድ ነው፤ ሁለቱም ካነሱ ጥርጣሬው ወደ ፒቱታሪ ይዞራል። ቲ4 በዝቶ ቲኤስኤች ከጠፋ ታይሮይዱ ያለ ትእዛዝ እየሠራ ነው። ግሬቭስ በሚባለው በሽታ የሰውነት የራሱ ፀረ እንግዳ አካል ቲኤስኤች በሚያርፍበት ቦታ አርፎ ዕጢውን ያዛል። ፒቱታሪ ዝም ብትልም ፀረ እንግዳ አካሉን የሚገታው የለም፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳል። ሆርሞኑ ላነሰበት ሰው የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን ቲ4 ራሱ ነው። በደም ውስጥ ወደ እኩሌታው ለመውረድ 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መጠኑ ሲቀየር ግብረ መልሱ ረግቶ ቲኤስኤች እውነተኛውን እንዲናገር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ስሕተት ነው። ክኒኑ በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ የጠዋቱ ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ።

ሦስተኛውና ከሁሉ አጣዳፊው የፕሬድኒሶሎን ጉዳይ ነው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያና ለቆዳ ሕመም የሚሰጠው ይህ መድኃኒት፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመርቱትን ኮርቲሶል ይመስላል። ለሳምንታት ሲወሰድ ፒቱታሪ «ኮርቲሶል ሞልቷል» ብላ ትእዛዟን ታቆማለች፤ ያልታዘዙት ዕጢዎችም ሥራ ይፈታሉ። ሰውየው ተሻለኝ ብሎ በአንድ ቀን ቢያቋርጥ፣ ከውጭ የሚመጣው ቀርቶበታል፣ የራሱም ገና አልነቃም፤ የደም ግፊቱ ወርዶ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ ነው መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ የሚቀነሰው። ይህን ምክንያት ያወቀ ታካሚ ክኒኑ ሊያልቅበት ሲል ወደ ሐኪሙ ይመለሳል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን የሚያዝም የሚሸጥም ባለሙያ ከነምክንያቱ፣ በታካሚው ቋንቋ ሊነግረው ይገባል።