ቁልቁለትና ነባር ላንድክሩዘር፦ የፍሬን ሸራና ዲስክ መቼና እንዴት ይቀየራል?

የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ማዕከል የሆነችው ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ከመደረሱ በፊት የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ዙሪያዋ በአብዛኛው ሜዳማ በመሆኑ የተሽከርካሪ ፍሬን መድከም እዚህ ጎልቶ አይታወቅም። ድካሙ የሚገለጠው ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጣርማ በር ወይም ወደ አንኮበር ሲኬድ ነው። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ከሥሩ ያለችው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች።

ጭነቱን ጨምሮ 3 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን 1,700 ሜትር ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢወርድ፣ የሚፈጠረው ሙቀት 150 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ጊዜ ሞልቶ የሚተርፍ ነው። ሙቀቱን የሚሸከሙት ሸራው፣ ዲስኩና ታምቡሮው ናቸው።

ሸራው ተቀይሮ ዲስኩ ለምን ይቀራል?

በገጠር ቀበሌዎች ለሥራና ለጭነት የሚያገለግሉት ነባር ላንድክሩዘሮች በብዛት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የተመረተው የ70 ተከታታይ ሞዴል ናቸው። አብዛኞቹ ነባሮች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ አላቸው። በጋራዥ «ፓድ» የሚባለው የዲስክ ሸራ ከሁለት ወገን ዲስኩን እየጨመቀ ጎማውን ያቆማል።

በእነዚህ መኪኖች ላይ ሸራ መቀየር ቀላል ነው። ጎማው ከወለቀ በኋላ ሸራውን የያዙት ዘንጎች ተስበው ይወጣሉ፤ ካሊፐሩ ከቦታው ሳይነሳ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ዲስኩ ግን ጎማው ከሚታሰርበት ሃብ በስተጀርባ በብሎን የታሰረ ነው። እሱን ለማውጣት ካሊፐሩ፣ የፊት ጎማው መቆለፊያ፣ ኩሽኔታውና ሃቡ መፈታት አለባቸው። ሥራው ረጅም፣ ዋጋውም ከፍ ያለ በመሆኑ ብዙ ጊዜ አዲስ ሸራ በተበላ ዲስክ ላይ ይገጠማል። እንዲህ የተገጠመ ሸራ ዲስኩን በሙሉ ገጹ አይነካም፤ ቶሎ ይበላል፤ የሳሳው ዲስክም ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። በሜዳ የማይታወቀው ጉድለት በቁልቁለት አደጋ ይሆናል።

የሚታዩ ምልክቶች

ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ብረት ከብረት የመፋቅ ድምፅ፣ ፔዳሉ ከእግር ሥር መንቀጥቀጥ፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳብና የፍሬን ዘይት መጠን መቀነስ ምርመራ የሚሹ ምልክቶች ናቸው። የዲስኩ ጠርዝ ጣት ሲያርፍበት እንደ እርከን ከፍ ብሎ ከተገኘ ዲስኩ ተበልቷል ማለት ነው። በክረምት የዋልካ ጭቃና አሸዋ በሸራውና በዲስኩ መካከል ስለሚገባ መበላቱን ያፋጥናል። በመሆኑም ከክረምት ማግሥት የሚደረግ ምርመራ ተገቢ ነው።

ውሳኔው ግን በድምፅ ሳይሆን በልኬት ቢሆን ይመረጣል። የሸራው ውፍረት ከብረት መደገፊያው በላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ መቀየር ይመከራል። የዲስኩ ውፍረት ደግሞ ዙሪያውን በተለያየ ቦታ ይለካል፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በአብዛኞቹ ዲስኮች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ በቶርኖ ተልጎ ሊመለስ አይገባም፤ ይጣላል።

የአቀያየሩ ቅደም ተከተል

መኪናው በደልዳላ መሬት ይቆማል፤ የኋላ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ። የጎማው ዳዶዎች በጥቂቱ ከላሉ በኋላ መኪናው በክሪክ ይነሣና በብረት መደገፊያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል።

የሸራ አቧራ በአየር ግፊት መነፋት የለበትም። አንዳንድ አሮጌ ሸራዎች ለካንሰር የሚያጋልጥ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ሲገፉ የፍሬን ዘይቱ በማጠራቀሚያው ከፍ ስለሚል እንዳይፈስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘይቱ ቀለም ይልጣል።

ዲስኩም የሚቀየር ከሆነ ካሊፐሩ ተፈቶ በሽቦ ይንጠለጠላል እንጂ በፍሬን ቱቦው ላይ አይለቀቅም። ሃቡ ሲወጣ ኩሽኔታው ታጥቦ ይመረመራል፤ አዲስ ግሪስ ይሞላል፤ ግሪስ እንዳያፈስ የሚከለክለው ጎማም በአዲስ ይተካል። ከአሮጌው ማኅተም የሚያመልጥ ግሪስ አዲሱን ሸራ ያበላሻልና። አዲሱ ዲስክ ከዝገት መከላከያ ዘይቱ በሚገባ ይጸዳል። የኩሽኔታው ጥብቀትና የብሎኖቹ ማሰሪያ ኃይል በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆን አለበት። ሥራው ለግራም ለቀኝም በአንድነት ይሠራል፤ አንዱን ወገን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ ጎን ያስባል። በዚሁ አጋጣሚ የኋላ ታምቡሮና ሸራውም ቢታዩ መልካም ነው።

ከገጠማ በኋላ

መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ደጋግሞ መረገጥ አለበት፤ ይህ ከተዘነጋ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይሆናል። ከዚያም ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት እየቀነሱ አሥር ጊዜ ያህል በልኩ ፍሬን መያዝና በየመካከሉ ማቀዝቀዝ ሸራውንና ዲስኩን ያስማማል። በአዲስ ሸራ በቀጥታ ወደ ጣርማ በር መውረድ አይመከርም።

የፍሬን ዘይቱም አይረሳ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ መፍያው በጊዜ ይወርዳል። በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት የሳበው ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይበጃል።

የአሽከርካሪውና የባለንብረቱ ድርሻ

ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው ፍሬኑ ያርፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ ግን ጠቅላላውን ሙቀት በዲስክና በታምቡሮ ላይ መጫን ነው። የመቃጠል ሽታ ከተሰማ ወይም ፔዳሉ ከላላ ማርሽ ቀንሶ በአስተማማኝ ስፍራ ቆሞ ማቀዝቀዝ ይገባል፤ በጋለው ዲስክ ላይ ግን ውኃ አይደፋም፤ ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ሲሄድ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ፦ ዲስኩ ተለክቷል? ሁለቱም ወገን ይቀየራል? የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? የገበያ እህልና ተሳፋሪ የያዘ መኪና ከደጋ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት የሦስቱም መልስ መታወቅ አለበት።