ጸጋዬን ለምን አመንኩት?

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ማን ገደለ፣ ማን ሰለለ የሚለው ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም ሰላይ አለው፣ ሴራ አለው፣ ጦርነት አለው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ሰውዬ በዓይኑ የሚያየውን እውነት ለራሱ የሚነግረው መቼ ነው?

ሰውዬው ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው። ታዋቂ ጋዜጠኛ ነው፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ አስመራ ይላካል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ እየጠበቀችው እሱ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ጀግና ምናምን አይደለም። ያመነታል፣ ጥርጣሬውን ውጦ ሥራውን ይቀጥላል። ይሄን ሁሉ የሚነግረን ደግሞ ራሱ ነው። የገዛ ገመናውን ያልደበቀ ሰው ስለ ጦርነቱ ሲያወራም ታምነዋለህ።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ የምናየው ሎጉን ነው፤ ፕሮግራሙ ስለ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ። ሁሌ «ሁሉም ሰላም ነው» ብቻ የሚጽፍ ሎግ ከሌለው ይብሳል፤ ያዘናጋል። አገርም እንደዚያው ነው።

በጥር 1974 ደርግ ዘመቻውን አስመራ ላይ በታላቅ ድምቀት ጀመረ። ዋናው ዒላማ ናቅፋ ነበረች፤ አልተያዘችም። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ነገሩን ከቅርብ አይቷል። በ1975 ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት «ኦሮማይ»ን አወጣ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራ ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ይሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጅ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የአስመራው መንገድ የሚያልፈው በእኛ በኩል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ አንዱ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ ይታጠፋል፣ ሌላው የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ ይገባል። ከመንገዱ በላይ ግን የሚያገናኘን ዝምታው ነው። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ የንጉሡ መንግሥት ሸሸገው። በዓሉ በጠፋበት በ1976 ረሃቡ ተመልሶ እየመጣ ነበር፤ ደርግ ግን ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ይደግስ ነበር። መስከረም 1977 አዲስ አበባ በሰልፍ ደመቀች። በጥቅምት ዓለም ኮረምን በቴሌቪዥን አየ። ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች።

መጽሐፉ ባይሰበሰብ ረሃቡ አይመጣም ነበር እያልኩ አይደለም። መጽሐፉን የሰበሰበውና ረሃቡን የሸፈነው ግን አንድ ልማድ ነው፦ ስህተትን የሚመዘግብ ሰው አለመፈለግ። ልማዱ ደግሞ ከደርግ ጋር አልሄደም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልካችን ላይ የምናየው ወሬ ድል በድል ነበር፤ እናቶች ግን ልጅ አዝለው በእግራቸው ወደ ደቡብ ይሸሹ ነበር። ያኔ የቸገረን ፎካሪ አልነበረም። «ፈርቻለሁ፣ የማደርገውንም እየተጠራጠርኩት ነው» የሚል አንድ ጸጋዬ ነው የጠፋው።

«ኦሮማይ» በ2017 በእንግሊዝኛም ወጥቷል። ገና ያላነበባችሁት ካላችሁ፣ ሰላዩ ማነው እያላችሁ ብቻ አትሩጡ። ጸጋዬ ለሥራው የሚናገረውንና ለእኛ የሚነግረንን እያስተያያችሁ አንብቡ፤ ልብ የሚያንጠለጥለው እዚያ መሃል ነው።